የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ኪስ አልዘጋ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በዋናነት የተጻፉት አገራችን ውስጥ በብዛት ለሚነዱት አሮጌ ቶዮታዎች (ዲኤክስ፣ የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ኮሮላ፣ ቪትዝና ያሪስ) ነው፤ አብዛኛው ግን ለሌላ መኪናም ያገለግላል።

መቀርቀሪያው የሚባለው የትኛው ክፍል ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ክዳኑን ከፍታችሁ በውስጥ በኩል ተመልከቱት። ከእጀታው ጀርባ፣ በላይኛው ጠርዝ ላይ ብቅ ያለች ምላስ አለች። እጀታውን ስትስቡ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ስትለቁት ሞላው ገፍቶ ይመልሳታል። ከክዳኑ ትይዩ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ምላሷን የሚይዝ ተቀባይ አለ። አንዳንዱ መኪና ላይ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ሌላው ላይ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ወይም የፕላስቲክ ከንፈር ይሆናል። ክዳኑን ስትገፉት ምላሷ ተቀባዩን ታክካ ታልፍና ከኋላው ብቅ ብላ ትይዛለች። ቁልፍ ያለው ከሆነ ሲሊንደሩ እጀታው ላይ ይቀመጣል፤ ሥራው እጀታው ወይም ምላሷ እንዳይንቀሳቀስ መከልከል ብቻ ነው።

በኋላ በተሠሩት መኪኖች ላይ በአንድ ምላስ ፋንታ ግራና ቀኝ የሚወጡ ሁለት ዘንጎች ልታገኙ ትችላላችሁ። እጀታው ሁለቱንም አንድ ላይ ይስባቸዋል። ክዳኑ በአንድ ጎን ተይዞ በሌላው በኩል ከፈት የሚል ከሆነ፣ አንደኛው ዘንግ ከእጀታው መጋጠሚያ ወልቋል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይመለሳል።

ክዳኑ አልያዝ አለ። መቀርቀሪያው ተሰብሮ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑ ወርዶ ሲንጠለጠል አይቶ አዲስ መቀርቀሪያ ይገዛል፣ አዲሱም አልይዝ ይላል። ምክንያቱም ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ኪሱን ባዶ አድርጉት። ደረሰኙ፣ የቻርጀር ገመዱ፣ መጥረጊያ ጨርቁ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ወረቀት ሁሉ ይውጣ። ከዚያ ዝጉት። ከያዘ ሌላ ችግር የለውም፤ የኋላው ዕቃ ክዳኑን እየገፋ ምላሷ ተቀባዩ ጋ እንዳትደርስ ከልክሏት ነበር። ከኪሱ ጀርባ ወይም ከላይ ወድቆ የተወሸቀ ነገር ካለም እንዲሁ ይሆናል፤ በባትሪ መብራት እያያችሁ እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ።

ባዶውም ካልያዘ፣ ክዳኑን እንደተከፈተ ምላሷን በአውራ ጣታችሁ ተጫኗትና ልቀቁ። በፍጥነት ተመልሳ ብቅ ማለት አለባት። እየተንቀረፈፈች ከተመለሰች ቆሻሻ ወይም የደረቀ ቅባት ይዟታል። ጨርሶ ካልተመለሰች ሞላው ወልቋል ወይም ተሰብሯል። በደንብ ከተመለሰች ደግሞ መቀርቀሪያው ጤነኛ ነው፤ ዓይናችሁን ከእሱ አንሡና ተቀባዩን እዩ። ብሎኑ ላልቶ ይሆናል፣ ተጣሞ ይሆናል፣ ወይም የተሰካበት ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ይሆናል። ተቀባዩም ደኅና ከሆነ ወደ ታች ውረዱና ማጠፊያዎቹን ተመልከቱ። አንደኛው ከወለቀ ወይም ከተሰበረ ክዳኑ ያዘነብላል፣ ምላሷም ከተቀባዩ ጎን ታልፋለች። ክዳኑን ከፍታችሁ ግራና ቀኝ ስትወዘውዙት በአንድ ጎን ብቻ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ የማጠፊያ ነው።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ባለ መስቀል ካቻቢቴ (አንድ መካከለኛና አንድ አጭር)፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የባትሪ መብራት፣ ጠመኔ እና ብሎን ማስቀመጫ ክዳን ወይም ሳህን። አብዛኛው ሥራ ከዚህ አያልፍም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከያዛችሁ ለመፈልቀቂያ እንዳትጠቀሙበት፤ ያረጀ ፕላስቲክ ላይ የተወው ጭረት አይጠፋም፣ ጠርዙንም ይሰብራል። መፈልቀቅ ግድ ካለ የፕላስቲክ ካርድ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ማንኪያ ይሻላል።

ኪሱን እንዴት ነው የማወጣው? ኤርባጉስ አይፈነዳብኝም?

መጀመሪያ ስለ ኤርባጉ። ዲኤክስ ላይ ኤርባግ የሚባል ነገር የለም፣ በነፃነት ሥሩ። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ላይ ግን የተሳፋሪው ኤርባግ ብዙ ጊዜ ከኪሱ በላይ ይቀመጣል። ክዳኑን፣ እጀታውንና ተቀባዩን መፍታት ኤርባጉን አይነካም። ሆኖም ኪሱን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ፤ ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል። ኤርባጉ ለአደጋ ጊዜ ያጠራቀመው ኃይል እስኪወጣ ድረስ ነው። ውስጥ ላይ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ገመድ ካያችሁ አትንኩት፣ አትንቀሉት፣ በቴስተርም አትለኩት።

አወጣጡ ሁለት ዓይነት ነው። ቆየት ባሉት ላይ ክዳኑ ከታች በብሎን በተያዙ ማጠፊያዎች ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወንበር ፊት ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ላይ ስታዩ ብሎኖቹን ታገኟቸዋላችሁ። በኋለኞቹ ላይ ኪሱና ክዳኑ አንድ ላይ የተሠራ ባልዲ መሰል ነገር ነው። የባልዲውን ሁለት ጎኖች በእጃችሁ ወደ ውስጥ ጨመቅ ስታደርጓቸው ማቆሚያዎቹ ያልፋሉ፣ ኪሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ከታች ያሉትን ማጠፊያዎች ወደ እናንተ ሳብ ማድረግ ነው። በአንድ ጎን ቀጭን ዘንግ ወይም ገመድ ከተያያዘ አስቀድማችሁ አላቁት፤ ክዳኑ ዱብ እንዳይል ቀስ አድርጎ የሚያወርደው እሱ ነው። ማለዳ ቅዝቃዜ ላይ ፕላስቲኩን አትጨምቁት። መኪናውን ትንሽ ፀሐይ ካገኘው በኋላ ብትሠሩ ይታዘዛል።

ተቀባዩን እንዴት አድርጌ ነው የማስተካክለው?

ከሁሉም ሥራ የምወደው ይህ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ጠመኔ ውሰዱና የምላሷን ጫፍና ፊቷን በደንብ ቀቡት። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ እስኪነካ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱት። ተቀባዩ ላይ የቀረው ነጭ ምልክት ምላሷ የት እንደምታርፍ ይነግራችኋል። ምልክቱ ከመያዣው ጠርዝ በላይ ከሆነ ተቀባዩ ወርዷል፤ በታች ከሆነ ከፍ ብሏል ወይም ክዳኑ ከማጠፊያው ዝቅ ብሏል፤ ወደ ጎን ከሆነ ማጠፊያውን ፈትሹ። ጠመኔ ከሌለ ትንሽ ግራሶም ያገለግላል።

የተቀባዩን ብሎኖች አላሏቸው እንጂ አትፍቷቸው። ብዙዎቹ ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ረዘም ያለ ነው፤ ስለዚህ ተቀባዩ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያንቀሳቀሳችሁ፣ ብሎኑን ጠበቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ልኩን የምታውቁት በድምፁ ነው፦ ክዳኑን በሁለት ጣት ስትገፉት አንድ ጥርት ያለ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ስትስቡት አይወዛወዝም። በመዳፍ ካልተመታ የማይዘጋ ከሆነ ተቀባዩ ወደ ውስጥ ርቋል ወይም ወደ አንድ ወገን አድልቷል። እንዲያ እየተመታ እንዲዘጋ መተው ምላሷን በወራት ውስጥ ይበላታል።

የተቀባዩ ብሎን እየዞረ አልጠብቅ ካለ የያዘው የፕላስቲክ ቀዳዳ ሰፍቷል። የክብሪት እንጨት ቆርጣችሁ ትንሽ ኤፖክሲ ቀብታችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ ሲደርቅ ብሎኑን መልሱ። ከዚያው ብሎን የረዘመ ግን አትጠቀሙ፤ ከጀርባው ምን እንዳለ አታዩም።

ይዘጋል፣ ግን ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ይንኳኳል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ደግሞ በራሱ ይከፈታል።

መንኳኳት የሚመጣው በክዳኑና በዳሽቦርዱ መካከል ያሉት ትንንሽ የጎማ መደገፊያዎች ሲደርቁ ወይም ሲወድቁ ነው። በላይኛው ጠርዝ ማዕዘኖች አካባቢ ፈልጓቸው። የአንዳንዱ መኪና መደገፊያ እንደ ብሎን የሚዞር ነው፤ ወደ ውጭ ስታዞሩት ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ከሌሉ ከቤት ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ለወንበር እግር የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ በትንሹ ተቆርጦ ይተካቸዋል። ስፖንጅ ግን አልመክርም፣ ቶሎ ተጨፍልቆ ይቀራል። ወፍራም ነገር ብትለጥፉም ክዳኑ ወደ ውጭ ይገፋና ምላሷ ጫፏ ላይ ብቻ ትይዛለች፤ የሚንኳኳውን ስታቆሙ በራሱ የሚከፈት ታደርጉታላችሁ።

በራሱ መከፈቱን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በግጭት ጊዜ የተከፈተ ክዳን የተሳፋሪውን ጉልበት ይመታል፣ ውስጡ ያለውም ዕቃ ይወረወራል። የአሜሪካው የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 201 የውስጥ ኪስ ክዳኖች በግጭት ፍተሻ ላይ ተዘግተው እንዲቆዩ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ምላሷ ጫፏ ላይ ተበልታ ክብ ከሆነች ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ወይ በቀጭን ሞረድ ጠርዟን መልሳችሁ አውጡላት፣ ወይ ቀይሯት።

እጀታው ተሰበረ። ሱፐር ግሉ ይይዘዋል?

ከምን እንደተሠራና የት ላይ እንደተሰበረ ይወሰናል። እጀታውን ፍቱና ጀርባውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ዓይነት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ተጽፏል። ኤቢኤስ (ABS) የሚለው ማጣበቂያ ይቀበላል። ፒፒ (PP፣ ፖሊፕሮፒሊን) የሚለው በሱፐር ግሉ ለጊዜው የተያያዘ ይመስልና በማግስቱ ይላቀቃል። ፖም (POM) የሚባለው ደግሞ በተፈጥሮው የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ነው፤ ምላሶችና ዘንጎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከእሱ ነው፣ ማጣበቂያ ግን አይወድም። በተጨማሪ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ምትና ንዝረት አይችልም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ኃይል የሚያርፍበትን ቦታ በማጣበቂያ ብቻ መተው አያዛልቅም።

እጀታው የሚሰበርበት የተለመደው ቦታ ጆሮው ነው፤ ማለትም እጀታው የሚዞርበት ዘንግ የሚያልፍባት ትንሿ ቀዳዳ ያለባት ጎን። ጆሮዋ ለሁለት ከተሰነጠቀች ነገር ግን ስባሪው ካልጠፋ እንዲህ ይሠራል። የተሰበረውን ፊት በአልኮል ጥረጉ። ስባሪውን በቦታው ገጥማችሁ በአንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አስቀምጡት፤ ይህ ለማቆም ያህል ነው እንጂ ለጥንካሬ አይደለም። ከዚያ ስስ ሽቦ ወይም የወረቀት መያዣ (ክሊፕ) ቆርጣችሁ እንደ ድልድይ ስንጥቁን አሻግራችሁ አስተኙት። ሽቦው የሚተኛበትን ቦይ በትኩስ መርፌ ወይም በቢላ ጫፍ አስቀድማችሁ ጫር አድርጉ። በላዩ ላይ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ኤፖክሲ እኩል ቀላቅላችሁ ቀቡ። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይሻላል፣ ሙቀትን የበለጠ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሳትነኩት አሳድሩት። በመጨረሻ ዘንጉ በነፃነት እንዲዞር ቀዳዳውን በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ምስማር ቀስ ብላችሁ አጽዱ፣ የተረፈውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ጆሮዋ ተሰብራ ጠፍታ ከሆነ ሱፐር ግሉና ቤኪንግ ሶዳ እየደራረቡ አዲስ ጆሮ የሚገነቡ አሉ። ሶዳው ሱፐር ግሉውን በቅጽበት ያጠነክረዋል፣ እንደ ድንጋይም ይሆናል። ኤቢኤስ ላይ ይሠራል። ሲገናኙ ግን ይሞቃል፣ የሚያቃጥል ጭስም ያወጣል፤ በር ከፍታችሁ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ሥሩ።

ሞላው ወልቆ ጠፋ። የእስክሪብቶ ሞላ ይሆናል?

መቀርቀሪያው የሚጠቀመው ሞላ የሚጨመቅ ዓይነት ከሆነ ይሆናል፤ በልኩ ቆርጣችሁ አስገቡት። ብዙዎቹ ላይ ግን ሞላው የሚጠመዘዝ ነው፣ ሁለት ረጃጅም እግሮች አሉት፤ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ላይ ያለውን ይመስላል። እሱን የእስክሪብቶ ሞላ አይተካውም። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ከተጣሉ የካሴት ማጫወቻዎችና ፕሪንተሮች የወጡ እንዲህ ዓይነት ሞላዎች ይገኛሉ። ስትገጥሙት አንደኛው እግር መቀርቀሪያው ቤት ላይ፣ ሌላኛው ምላሷ ላይ ማረፍ አለበት። ስትፈቱ ጨርቅ ሸፍናችሁ ፍቱ፣ ተስፈንጥሮ ወንበር ሥር ከገባ ፍለጋው ከጥገናው ይረዝማል።

ምን ልቀባው?

የምግብ ዘይትና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይሆኑም። አቧራ ይሰበስባሉ፣ ከጊዜ በኋላም እንደ ሙጫ ይሆናሉ። ለምላሷና ለዘንጎቹ ስስ አድርጎ ነጭ ግራሶ ወይም የሲሊኮን ስፕሬይ በቂ ነው። ደብሊውዲ 40 የደረቀ ቆሻሻን ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፤ ግን እሱን ነፍታችሁ አትተዉት፣ ጠርጋችሁ ግራሶውን ቀቡ። የቁልፍ ሲሊንደር ውስጥ ግራሶ አይገባም፣ እዚያ የሚሆነው ደረቅ ግራፋይት ነው። ከሌለ የቁልፉን ጥርስ በእርሳስ በደንብ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ ማስገባትና ማውጣት ይሠራል፣ የእርሳስ ውስጡ ራሱ ግራፋይት ነውና።

ልቀይረው ብወስን ከየት ልግዛ? ስገዛስ ምን ልይ?

አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሂዱ። ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የኮፒዎቹ ፕላስቲክ ስስ ነው፣ ሞላቸውም ደካማ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የአሮጌ መኪኖች መፍቻ ግቢ ሄዳችሁ ራሳችሁ ብትፈቱ ርካሽ ይሆናል፤ ስትፈቱም አሠራሩን ትማራላችሁ።

የተሰበረውን ሳትይዙ አትሂዱ። «የኮሮላ ነው» ማለት አይበቃም፤ የአንድ ሞዴል መኪና በየዓመቱ ትንንሽ ለውጥ አለው፣ በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር ቢለይ አይገጥምም። ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አስተያዩ። ምላሷን ተጫኑና እንዴት እንደምትመለስ እዩ፣ ጆሮዎቹን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ስስ ስንጥቅ ፈልጉ። እጀታው ፀሐይ ነክቶት ነጣ ካለ ተዉት፣ እሱም በቅርቡ ይሰበራል። የሚሸጠው ባለ ቁልፍ ከሆነ ቁልፉን አብራችሁ ጠይቁ። ሻጩ ተቀባዩን ለየብቻ ሊሸጥላችሁ ቢል አብሮ ይሁን በሉ፣ አብረው ሲሠሩ የኖሩ ሁለት ክፍሎች ይግባባሉ።

ቪትዜ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ነው። ኪሱ ከተገዛ ጀምሮ በደንብ ዘግቶ አያውቅም። ለምን?

እንዲህ ያለ መኪና ሲቀየር ዳሽቦርዱ ይነቀላል፣ ኪሱም ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ዳሽቦርዱ ሲመለስ ሁሉም መያዣ በልኩ ካልገባ አንድ ጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ተቀባዩ ያለው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ምላሷ ያለችው ክዳኑ ላይ ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም። መቀርቀሪያ ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም። ክዳኑን ዘግታችሁ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እዩ፤ በአንድ ማዕዘን ጠቦ በሌላው ከሰፋ ዳሽቦርዱ ራሱ ነው የተንጋደደው።

ትንሽ ከሆነ ተቀባዩን በማንቀሳቀስ ወይም ከሥሩ ስስ ሮንዴላ በመጨመር ይስተካከላል። ብዙ ከሆነ ግን የዳሽቦርዱን ብሎኖች ማላላትና መልሶ ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ ይህ የኤርባጉን አካባቢ ስለሚነካ ሥራውን ለሚያውቅ መካኒክ ስጡት። ሌላው ነጥብ መለዋወጫ ስትገዙ ነው። የቀኝ መሪ ቪትዝ ኪስ የግራ መሪውን አይገጥምም፣ ቅርጹ የተገላቢጦሽ ነው። የእናንተ መኪና ላይ የተገጠመው የየትኛው እንደሆነ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

የኪሱ መብራት ባትሪ ያወርድብኛል?

አዎ፣ ያወርዳል። መብራት ያለው ኪስ ላይ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናት ትንሽ ማብሪያ አለች። ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከቀረ አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። 5 ዋት የሆነ አምፖል በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ያህል ይስባል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከባትሪው 10 አምፔር ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ያረጀ ከሆነ ሁለት ቀን ቆሞ የዋለ መኪና ጠዋት አልነሳ ሊል ይችላል፤ ሰውም ዲናሞውን ሲያስፈትሽ ይከርማል።

ለማረጋገጥ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት። ቪዲዮው ከጨለመ ማብሪያው ይሠራል። መቀርቀሪያውን እስክትጠግኑ ድረስ አምፖሉን ንቀሉት።

ከጥገናው ይልቅ ቬልክሮ፣ ማግኔት ወይም የበር መቀርቀሪያ ብገጥምለትስ?

ቬልክሮ ለጊዜው ይሆናል፣ ምንም የሚያበላሸው ነገር ስለሌለ አልቃወመውም። የቁም ሳጥን ማግኔትም ቀላል ዕቃ ይችላል፤ ጉድጓድ ላይ ግን ይለቃል። የበር መቀርቀሪያ በብሎን መምታትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ብረቱ ከተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ወጥቶ ይቀመጣል፤ መኪናው በድንገት ሲቆም መጀመሪያ የሚያገኘው ጉልበት እሱን ነው። ለብሎኑ ተብሎ የሚበሳው ቀዳዳም የኤርባጉን ሽፋን ወይም ከጀርባ የሚያልፈውን ገመድ ሊያገኝ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ከኪሱ በላይ ምንም ነገር አትብሱ፣ አትለጥፉም።

ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ነገራችሁ ይለያል። ክዳኑ ብረት ስለሆነ አይሰበርም፣ ይጣመማል እንጂ፤ በእጅ ቀስ ብሎ ማቃናት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የውስጡ ሳጥን ካርቶን ስለሆነ ግን እርጥበት ካገኘው ያብጣል፣ ወደፊት ወጥቶም ክዳኑን ይገፋል።

ተዘግቶ አልከፈት አለ፤ እጀታው ይሳባል ግን ምንም አይሆንም። ሊብሬው ውስጥ ነው።

አትፈልቅቁት። እጀታው ያለ ምንም ክብደት የሚሳብ ከሆነ ከምላሷ ጋር የሚያገናኘው ተቋርጧል። ክብደት እያለው የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ምላሷ ታንቃለች። ለታነቀችው አንድ ሰው የክዳኑን ላይኛ ጠርዝ በመዳፉ ወደ ውስጥ ይጫን፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት እጀታውን ይሳብ። መጫኑ ምላሷ ላይ ያረፈውን ኃይል ያነሳል፤ ከሞላ ኪስ የመጣ መታነቅ ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል። ካልሆነ በላይ ባለው ክፍተት ስስ የፕላስቲክ ካርድ አስገብታችሁ ምላሷ ያለችበት ጋ ወደ ታች ግፉ። አንዳንዱ መኪና ላይ ምላሷ ሰያፍ ፊቷ ወደ ውስጥ ስለሆነ ካርዱ አያገኛትም፤ ሁለት ሦስቴ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ተዉት።

ቀጣዩ መንገድ ከታች ነው። ማጠፊያዎቹ በብሎን የተያዙ ከሆኑ ከሥር ፍቷቸው፤ ክዳኑ ከላይ እንደተያዘ ከታች ይላቀቃል፣ ወረቀቱን ለማውጣት የሚበቃ ክፍተትም ይገኛል። እጃችሁ ከገባ ምላሷን ከጀርባ በጣታችሁ ሳቡት። ማጠፊያው በግፊት የሚገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከሥር ያለውን ሽፋን አውርዳችሁ በባትሪ መብራት እያያችሁ ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ምላሷ አድርሱ፤ ካቻቢቴን ለዚህ ብቻ እፈቅዳለሁ።

የተቆለፈና ቁልፉ የጠፋ ከሆነ አስቀድማችሁ የመኪናውን ዋና ቁልፍ ሞክሩ፤ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሞተር የሚያስነሳው ቁልፍ ኪሱንም ይከፍታል። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ከመኪናው ጋር የሚመጣ ሌላ ቁልፍ አለ፣ በሩንና ሞተሩን ብቻ የሚያሠራ፤ በእጃችሁ ያለው እሱ ከሆነ ሲሊንደሩ አልዞር የሚለው ተበላሽቶ አይደለም። በኃይል ካዞራችሁት ውስጡ ይሰበራል። ዋናው ቁልፍ ጭራሽ ከሌለ መኪናውን ይዛችሁ ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሂዱ። ሲሊንደሩን ከፍቶ በውስጡ ያሉትን ስስ የብረት ቅጠሎች አሁን ከያዛችሁት ቁልፍ ጋር እንዲስማሙ ሊያደርጋቸው ይችላል። ኪሱን ለመቆለፍ የማትፈልጉ ከሆነ ቅጠሎቹን አውጥቶ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን አድርጎ ይመልስላችሁ።